ሞዴል ያልተቆረጠለት መጽሐፍ

ሺሺንዳ ገበያ መሃል ቆሜ ሙዝ ስመርጥ ነው ስልኬ የጮኸው። ድሮ አብሮኝ ይሠራ የነበረ የመዝገብ ቤት ሰው ነው። «ሰማህ ታደለ? እትዬ ብርቄን ትናንት ቀበርናቸው» አለኝ። ነፍስ ይማር ለማለት አፌን ስከፍት እሱ ወሬውን ቀጠለ። ቀብሩ ደማቅ ነበር አለኝ። ከፍርድ ቤት የአበባ ጉንጉን መጥቷል። የዚያን ጊዜው ሰብሳቢ ዳኛ፣ ዛሬማ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ነው፣ ከጉድጓዱ አፋፍ ቆሞ ንግግር አድርጓል። «ወይዘሮ ብርቄ የፍትሕ እናት ነበሩ» ብሎ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠርጓል።

የፍትሕ እናት! ቱ! ምራቄን መሬት ላይ ተፋሁት። ሙዝ ሻጯ «ምነው ጋሼ፣ ሙዜ ምን አረገዎት?» ብላ ተቆጣች። ይቅርታ ጠይቄ፣ ሳልፈልግ ሙዙን ገዝቼ ወጣሁ። መኪናው እስኪሞላ ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ምራቄን ያስተፋኝ የዳኛው እንባ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። እሱ ቢያንስ ቀብር ሄዷል። እኔ ከቦንጋ ከወጣሁ ጀምሮ አንድ ቀን ደውዬላቸው አላውቅም።

ያን ጊዜ ቦንጋ ከነበሩት ፍርድ ቤቶች በአንዱ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። በየትኛው እንደሆነ አትጠይቁኝ። ወንበር፣ ወረቀት፣ የማተሚያ ቀለምና መጥረጊያ እጠብቃለሁ። ዕቃ ሲገባ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ የሚባል ደረሰኝ፣ ሲወጣ ሞዴል ሃያ ሁለት እቆርጣለሁ። ስለ እኔ ይኼ ይበቃል።

እትዬ ብርቄ እዚያው ግቢ ውስጥ የጽሕፈት መኪና ሲደበድቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ መነጽራቸውን በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ። የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ግን በሁለት መንግሥት ዳኞች በእጃቸው የሞነጫጨሩትን ፍርድ ሁሉ የተየቡት እሳቸው ናቸው። ዝም ብለው የሚተይቡ እንዳይመስላችሁ። አንብበው ካልጣማቸው ወረቀቱን ይዘው ዳኛው ቢሮ ይገቡና «ጌታዬ፣ እላይ ‹ተረጋግጧል› ብለው እታች ‹አልተረጋገጠም› ይላሉ። የትኛውን ልምታው?» ይላሉ። ስንቱ ዳኛ ፊቱ ቲማቲም መስሎ እርማት እንደሠራ እኔ አውቃለሁ።

ጡረታ ሲወጡ ሁሉም ሰው ቤታቸው ገብተው ያርፋሉ ብሎ ነበር። እሳቸው ግን ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ተከራይተው ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ ፎቶ ኮፒ አስገቡ። ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ ይግባኝ ይጽፋሉ። ኮምፒውተሩንም እንደ ጽሕፈት መኪናው ነበር የሚቀጠቅጡት። ኪቦርድ አይበረክትላቸውም ነበር። ፊደሉ ሲነቀል በሱፐር ግሉ አጣብቀው ይቀጥላሉ።

ከሁሉ የሚገርመው ኢንተርኔታቸው ነው። አዲስ አበባ የሚኖር አንድ ወጣት የሕግ ባለሙያ ብሎግ ነበረው። የሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጣቸውን አዳዲስ ውሳኔዎች እየለቀመ፣ ምን ማለት እንደሆኑ በቀላል አማርኛ እያብራራ ያወጣል። ነገሩን ለማያውቅ ሰው፦ ሰበር ችሎት አንድን ሕግ እንዲህ ነው ብሎ ከተረጎመ፣ አገር ውስጥ ያለ ፍርድ ቤት ሁሉ በዚያው ትርጉም መፍረድ ግዴታው ነው። ታዲያ ትርጉሙ ቦንጋ መድረስ አለበታ! የማይደርስበትን ምክንያት ደግሞ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

እትዬ ብርቄ ያን ብሎግ በየሳምንቱ ነበር የሚከታተሉት። ዝናብ ሲጥል ኔትወርኩ ይጠፋል፤ ቦንጋ ደግሞ መቼ ነው የማይዘንበው? ገጹን ይጫኑና ኪሮሻቸውን ያነሳሉ። አንድ ረድፍ ሠርተው ቀና ይላሉ፤ ግማሽ ገጽ መጥቷል። ሌላ ረድፍ ይሠራሉ። የአልጋ ልብሳቸው በሙሉ በሰበር ችሎት ውሳኔ መሃል የተሠራ ነው ብዬ ስቀልድባቸው «አንተ ደግሞ! ምን አለ አንተም አንድ ብታነብ» ይሉኛል። ልጁን በአካል አያውቁትም፣ ግን «ልጄ» ነበር የሚሉት። «ልጄ ዛሬ የውርስ ነገር አውጥቷል» ይላሉ። አንዴ ጽሑፉ ሥር በሁለት መስመር አስተያየት ሲጽፉለት አይቻለሁ። «እግዜር ይስጥህ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ‹ተከሳሽ› ማለት ሲገባህ ‹ከሳሽ› ብለሃልና አርመው።» አርሞታል!

ውሳኔ ሲያነቡ ከመጨረሻው ነው የሚጀምሩት። «መጀመሪያ ማን እንደተረታ ልወቅ» ይላሉ። ከዚያ ወደ ላይ እየወጡ፣ አውራ ጣታቸውን በምላሳቸው እያራሱ፣ ምክንያቱን ይፈልጋሉ። ሲያገኙት ወረቀቱን በእጃቸው ጀርባ ጧ ያደርጉትና «ተጽፏል እኮ!» ይላሉ። ይቺን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ። ከዚያ ያትሙትና በዱቄት ሙጫ የሱቃቸው ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። ቀጠሮ የሚጠብቀው ባለጉዳይ ሁሉ፣ ከቢታ ገነት የመጣው፣ ከደካ የመጣው፣ እዚያ ግድግዳ ሥር ይሰበሰባል። ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ያነብለታል።

ጠበቆቹስ? እነሱንማ አታንሱብኝ። ክራባታቸውን አስተካክለው በዋናው በር ሲያልፉ «የብርቄ ዩኒቨርሲቲ» እያሉ ይስቃሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ በጓሮ በር ገብተው «እትዬ ብርቄ፣ በኪራይ ጉዳይ አዲስ ነገር ወጥቷል እንዴ?» ይላሉ። ኮፒውን ተቀብለው፣ ከሰዓት ችሎት ላይ «እኔ ባደረግሁት ጥናት» ብለው ያቀርቡታል። በጥናት! እሳቸውን «አያናድድዎትም ወይ?» ብላቸው «ባለጉዳዩ ይርታ እንጂ ጥናቱ የማንም ይሁን» አሉኝ።

ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነው። ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ መጣና ቢሮውን በመስታወት ከፋፍሎ ሄደ። ቀጥሎ አንድ ለአምስት መጣ። ዳኛ ሳይቀር የሚለካው በዘጋው መዝገብ ነበር። ሰውየው ፍትሕ አገኘ አላገኘ ማን ይጠይቃል? መዝገቡ ተዘግቷል ወይ? ተዘግቷል። ይጨበጨባል። ሰብሳቢ ዳኛው በዚህ የተካነ ነበር። ከአለቆቹ ጋር ሲያወራ ድምፁ ማር ማር ይላል፤ ባለጉዳይ ፊት ሲቀመጥ ፊቱን አጥቁሮ በብዕሩ ጠረጴዛ ይመታል። እትዬ ብርቄን ሲያይ ደግሞ ይብስበታል። አንድ ቀን በሩ ላይ ይዘውት «ጌታዬ፣ ትናንት የፈረዱበትን ሐሳብ ሰበር ባለፈው ወር ሽሮታል። ላምጣልዎት?» አሉት። ሰው ሁሉ እየሰማ! ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ አለፈ፤ ግን ቂሙን እንደያዘ ከአረማመዱ ያስታውቅ ነበር።

የአበበች ጉዳይ የመጣው በዚህ መሃል ነው። አበበች ከደካ መንገድ ገባ ብሎ ካለ ቀበሌ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። አማርኛው አይቀናትም፤ የምትናገረው ካፊኖኖ ነው። ያላት ሀብት ከባሏ ጋር ያለማችው የቡናና የእንሰት መሬት ብቻ ነው። የባሏ አርባ በወጣ ቀን፣ ለቅሶኛው ሳይበተን፣ የባሏ ወንድሞች ሽማግሌ አስቀምጠው አንድ ወረቀት አቀረቡላት። የእድር መዝገብ ነው ብለው አውራ ጣቷን አስመቷት። ለካ ወረቀቱ «መሬቱን ለባሌ ወንድሞች በስምምነት ለቅቄያለሁ» የሚል ኖሯል! አንደኛው ወንድም ደግሞ የቀበሌው ሹም ነው። የወረዳው ፍርድ ቤት የሽማግሌ ስምምነት ይከበራል ብሎ ፈረደባት፤ እሷም ይግባኝ ብላ እኛ ዘንድ መጣች።

እትዬ ብርቄ ታሪኩን በካፊኖኖ ሰምተው ሲጨርሱ ኪሮሻቸውን አስቀመጡ። «ቆይ፣ ቆይ! ልጄ ይኼን ነገር ጽፎታል» አሉ። እውነትም ከብዙ ፍለጋ በኋላ ተገኘ። ሰበር ችሎት በሌላ አካባቢ ሴት ጉዳይ ልክ እንደዚሁ ያለ ነገር አይቶ፣ በሐዘን ላይ ያለች ሚስት ምን እንደሆነ ሳይነበብላት የፈረመችው ወረቀት ከይዞታዋ አይነቅላትም ብሎ ነበር። እትዬ ብርቄ ወረቀቱን ጧ አደረጉት። ይግባኙን ራሳቸው ጻፉ፤ ውሳኔውንም አትመው አያያዙ። አበበችን አቅፈው «መሬትሽ ውስጥ ነው ያለሽው፣ አትስጊ» አሏት።

በቀጠሮው ቀን ዳኛው ወረቀቱን በሁለት ጣቱ፣ የሞተ አይጥ እንደሚያነሳ ሰው፣ ብድግ አደረገው። «ይኼ ምንድን ነው? ከኢንተርኔት የወጣ ነው። ማህተም የለውም። ታትሞ የወጣውን መጽሐፍ አቅርቡ» ብሎ አጭር ቀጠሮ ሰጠ። ፍርድ ቤት ለክረምቱ ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው።

አሁን የሚያሳፍረኝ ቦታ ላይ ደረስኩ። መጽሐፉ እኔ ጋ ነበር። የሰበር ውሳኔዎች በመጽሐፍ እየታተሙ፣ በቅጽ በቅጽ፣ ለዳኞች ይላኩልን ነበር። እኔ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ቆርጬ፣ እያንዳንዱን በፍርድ ቤቱ ማህተም መትቼ፣ ካርቶኑን በሲባጎ አስሬ እስቶር አስገባዋለሁ። እንዲወጣ ዳኛ በሞዴል ሃያ መጠየቅ አለበት። አንድም ዳኛ ጠይቆ አያውቅም! ወንበር ሲሰበር ይጠይቃሉ፣ መጋረጃ ይጠይቃሉ። ካርቶኖቹን አይጥ ዳር ዳሩን በልቷቸው ነበር። ቆጠራ ሲመጣ «የአይጥ መርዝ ይገዛ» ብዬ ጻፍኩ እንጂ መጽሐፍ ለማንበቢያ እንደሆነ ትዝም አላለኝ።

ይሁንና ለዳኛው ሄጄ ነገርኩት። «ጌታዬ፣ መጽሐፉ እስቶር አለ፤ ላውጣልዎት?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ማን ጠየቀህ? አንተ ንብረትህን ጠብቅ» አለኝ። መጽሐፉ መኖሩን እያወቀ ነው ያቺን ምስኪን ፈልገሽ አምጪ ያላት።

እትዬ ብርቄም መስኮቴ ላይ መጡ። «ታደለ፣ ማህተም ያለው አንተ ዘንድ ነው» አሉኝ።

«ለውጭ ሰው አይሰጥም እትዬ። ኦዲት አለብኝ» አልኳቸው።

«መጽሐፍ ታስራለህ ልጄ?» አሉኝ። አልተቆጡም፤ ገርሟቸው ነው የጠየቁኝ።

እንደዚያ ሲሉኝ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ገብቼ ካርቶኑን በቢላ ቀደድኩና ቅጹን አውጥቼ ሰጠኋቸው። እሳቸው ግን አልወሰዱም። «ሞዴሉን ቁረጥልኝ» አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በወረቀት የኖሩ ሴት ናቸዋ! እኔ ደግሞ ሞዴል ከቆረጥኩ ማን ፈቀደልህ እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። «ግዴለም እትዬ፣ ዝም ብለው ይውሰዱት። ከችሎት መልስ ያመጡልኛል፤ ማን ያያል?» አልኳቸው። መጽሐፉን አገላብጠው አዩት። «በሥርዓት ቢሆን ጥሩ ነበር» አሉ። ከዚያ ለአበበች ሲሉ ነጠላቸው ውስጥ ሸጉጠውት ሄዱ።

በቀጠሮው ቀን ችሎቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። ደስ የሚል ነገር የማይ መስሎኝ ነበር። እትዬ ብርቄ በአስተርጓሚነት ከአበበች አጠገብ ቆመዋል። መጽሐፉን አቀረቡ። ዳኛው የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠና የራሱን ፍርድ ቤት ማህተም አየ። የታጠፈውን ገጽ አልከፈተውም።

«ይኼ የመንግሥት ንብረት ነው። ከየት አመጣሽው?» አላቸው። አንቺ እያለ! የእናቱ ታላቅ የሚሆኑትን ሴት!

«ከእናንተው እስቶር።»

«ማን ሰጠሽ?»

«የሰጠኝን ይተዉትና የተጻፈውን ያንብቡት ጌታዬ። ገጹን አጥፌልዎታለሁ።»

«ችሎት ነው የሚጠይቅሽ! ማን ሰጠሽ?»

እትዬ ብርቄ ወደ እኔ እንኳን ዞር አላሉም። ዳኛው ግን ዞረ። «ንብረት ክፍል! ና ወደዚህ። ይኼ መጽሐፍ በሕጋዊ መንገድ ወጥቷል?»

«እኔ ነኝ የሰጠኋቸው» ማለት ነበረብኝ። ይችው ናት። ይቺን ብናገር መጽሐፉ የተሰረቀ አይሆንም፣ ገጹ ይነበባል፣ እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይደርሰኛል ወይ ደመወዜ ይቆረጣል። ከአፌ የወጣው ግን «ሞዴል ሃያ ሁለት አልተቆረጠለትም ጌታዬ» የሚል ነው። እውነት ነው የተናገርኩት። አንድም ቃል አልዋሸሁም። ራሴን የሚያስጠላኝም ይኸው ነው።

እትዬ ብርቄ የፊደል ስህተት እንዳገኙ ሁሉ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። አበበች ክንዳቸውን ይዛ የሆነ ነገር በጆሯቸው ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም መለሱላት። ዳኛው አንድ ጊዜ ደግሞ «ማን ሰጠሽ?» አለ። «አልናገርም» አሉ። ችሎት በመድፈር አንድ ሳምንት እስራት ፈረደባቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ከፖሊሱ ቀድመው ወጡ።

መጽሐፉ ወደ እስቶር እንዲመለስ ታዘዘ። የተመለሰበትን ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ቆረጥኩለት። ለመውጫው የነፈግሁትን ወረቀት ለመግቢያው ሰጠሁት፣ ጉድ እኮ ነው! የአበበች ይግባኝም «ክርክሯን በማስረጃ አላስደገፈችም» ተብሎ በዚያው ሳምንት ተዘጋ። በዓመቱ መጨረሻ ግምገማ ላይ ዳኛው ዕቅዱን አሳክቷል ተብሎ ተጨበጨበለት። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ያን ሳምንት ፖሊስ ጣቢያው በር ድረስ ሁለት ቀን ሄጄ ሁለቱንም ቀን ተመለስኩ። እሳቸው ሲወጡ ቤታቸው እንኳን ሳይገቡ ሱቃቸውን ከፈቱና የሰበር አቤቱታውን መጻፍ ጀመሩ። አዲስ አበባ ሄደን እዚያው ችሎት ፊት እናቀርበዋለን ነው ሐሳባቸው። የማቅረቢያው ጊዜም ገና አላለፈም ነበር። አበበች ግን እምቢ አለች። «በእኔ መሬት የተነሳ እናቴ የሚሆኑ ሴት ታስረዋል። ከዚህ በኋላ ሰው አላሳስርም» አለች። ለመኗት፣ ተቆጧት፣ የጻፉትን አነበቡላት። ጣቷን አልሰጥም አለች። አንዴ ጣቷን ሰጥታ ያየችውን አይታለች፣ ምን ታርግ! የአቤቱታው ጊዜ አለፈ። ወንድሞቹ መሬቱን አጠሩት።

አንድ ቀን በር ላይ ጠብቄ «እትዬ ብርቄ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ልጆችህ ስንት ናቸው?» አሉኝ።

«ሦስት።»

«በል ግባና ሥራህን ሥራ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ግድግዳቸው ላይ በማግስቱም አዲስ ውሳኔ ተለጥፎ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ የቡና ለቀማ ሲደርስ አበበች በገዛ መሬቷ ላይ በቀን ሥራ ተቀጠረች ሲሉ ሰማሁ። ራሷ ከተከለችው ቡና እየለቀመች ለባሏ ወንድም ታስረክባለች። ላለማመን ሞከርኩ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ቦንጋ ቅዳሜ ገበያ ላይ ኮረሪማ ይዛ ተቀምጣ አየኋት። ዞር ልል ስል እሷ ቀድማ አየችኝ። ተነስታ መጥታ እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። እኔ እዚያው ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ካፊኖኖ እሰማለሁ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለችኝ። «ያን ቀን ዳኛው ፊት ወጥተው ሲናገሩ አይቻለሁ። አማርኛው አልገባኝም። እትዬ ብርቄን ምን እያለ ነው ብዬ ብጠይቃቸው ‹ለእኛ ነው የሚናገረው፣ መጽሐፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ እያለ ነው› አሉኝ።»

ከፊቷ ከተደረደረው ኮረሪማ አንዱን እስር አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። አይሆንም ብላት አልሰማ አለች። «ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እርስዎ ነዎት» አለችኝ።

«ምንም አይደል» አልኳትና ኮረሪማውን ይዤ ቤቴ ገባሁ።